ጥርት ያለችው ሳንቲም

ሳጂዳ ሙዘይን ውጫሌ ተወልዳ ያደገች፣ ሐይቅ ከተማ የምትሠራ ሴት ናት። ሥራዋ ምን እንደሆነ ሲጠይቋት አጭር መልስ የላትም። “ዱቄት እተኩሳለሁ” ብላ ትጀምራለች። ጠያቂው ዳቦ ቤት የምትሠራ መስሎት ሲስቅ እስኪጨርስ ትጠብቀዋለች። ከዚያ፣ ሰሚው ጊዜ ካለው፣ ታስረዳዋለች። ሬር ኧርዝ የሚባሉ ማዕድናት አሉ። ከነሱ አንዱ ኢትሪየም ነው። ኦክሳይዱ እንደ ፊኖ ዱቄት የነጣ ነው። ያ ዱቄት ተፈጭቶ፣ ተጨምቆ፣ ብረት ከሚቀልጥበት በላይ በሆነ ሙቀት ሲተኮስ ጠጣር ሸክላ ይሆናል። አያያዙን ካወቁበት ደግሞ ሸክላው እንደ መስታወት ጥርት ይላል፤ መስታወት በሚቀልጥበት እሳት ፊት ቆሞም አይቀልጥም።

“አያያዙን ካወቁበት” የምትለዋ ቃል ላይ ድምጿ ዝቅ ይላል። እዚያች ላይ ብዙ ደክማለችና።

አባቷ ሙዘይን ውጫሌ ገበያ ጥግ ላይ ሰዓት ይጠግኑ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገባቸው ትቀመጣለች። እሳቸው አጉሊ መነጽራቸውን በአንድ ዓይናቸው ይዘው፣ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ ጥርስ በወረንጦ ሲያነሱ፣ ትንፋሿን ሰብስባ ታያለች። ሞባይል ስልክ ሲስፋፋ የእጅ ሰዓት የሚያስጠግን ሰው ጠፋ። ሙዘይን አልተማረሩም፤ ስልክ መክፈት ተማሩና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀጠሉ። ልጃቸው ፊዚክስ ልታጠና ነው ሲባሉ “ፊዚክስ ምን ይከፍታል?” ብለው ጠየቁ። “ሁሉንም ነገር” አለቻቸው። “እንግዲያው ሲገጠምም አብረሽ ተማሪ” አሏት።

ተምራ ስትጨርስ አዲስ አበባ ቀርታ ጥቂት አስተማረች። እናቷ መሪማ፣ ውጫሌ ጨርቅ የሚነግዱ ሴት ናቸው፤ በየስልኩ “መቼ ነው የምትመጪው?” ከማለት አልቦዘኑም። የመለሳት ግን የእናቷ ጥሪ ብቻ አልነበረም። ዶክተር ጥሩሰው የሚባሉ የአምባሰል ሰው፣ ዕድሜያቸውን በማስተማር አሳልፈው ጡረታ ሲወጡ ሐይቅ ገቡ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከከተማዋ መውጫ ላይ፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ለምነው አገኙ። አንዱ ወዳጃቸው አሮጌ የቫኪዩም እቶን ሰጣቸው፣ ሌላው የዱቄት መጭመቂያ፣ ሌላው ማይክሮስኮፕ። ከድሮ ተማሪዎቻቸው መካከል ለሳጂዳ ደወሉላት።

“እዚህ አገር ማንም ያልሠራውን ልሠራ ነው፤ ትመጫለሽ?” አሏት።

“ምንድን ነው ጋሼ?”

“እሳት የሚታይበት መስኮት።”

መጣች። የከተማው ሰው ቤቱን “ሸክላ ቤት” ይለዋል። ከኋላው ባሕር ዛፉ ሳሳ ሲል ሐይቁ ይታያል። ሦስተኛዋ የቤቱ ሰው ሰርካለም ናት፤ እዚያው ሐይቅ ከተማ ያደገች፣ ሳቂታ፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ። ሳጂዳ ትሠራለች፣ ሰርካለም ትለካለች። ሥራቸው እንዲህ ተከፈለ።

አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው። ነጩ ዱቄት ከአልኮል ጋር ተደባልቆ፣ በውስጡ ጠንካራ ትንንሽ ኳሶች ባሉበት ማሰሮ ይደረጋል። ማሰሮው በሁለት ጥቅል ዘንጎች ላይ ተጋድሞ ይሽከረከራል፤ ኳሶቹም እየተንከባለሉ ዱቄቱን ያደቁታል። ወፍጮ ነው፤ እነሱም የሚሉት “ወፍጮው” ነው። የደቀቀው ይደርቃል፣ ይነፋል፣ በብረት ቅርጽ ውስጥ ተጨምቆ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ክብ ይሆናል። ስለዚህ “ሳንቲም” ይሏታል። ሳንቲሟ እቶን ትገባለች። እቶኑ አየሩ ተመጥጦ ባዶ ይሆናል፤ ዙሪያውን ውኃ ካልዞረበት ራሱ ይቃጠላል። ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶ የተሰቀለው ለዚያ ነው። ሳንቲሟ ከእቶኑ ስትወጣ እንደ ከሰል ጠቁራ ነው፤ ኦክስጅኗን ጥቂት ተነጥቃለችና። በሌላ ምድጃ አየር እያገኘች ደግማ ስትሞቅ ጥቁረቷ ይለቃታል። ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ የሚታየው።

ጉዱ ሁልጊዜ ነጭ ነበር። ሸክላው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀራሉ፤ ብርሃን ሊያልፍ ሲል እየተጋጨባቸው ይበተናል። ሦስቱ ሰዎች ለጉድለታቸው ስም አወጡለት። ጭራሽ የማያሳልፈውን “ወተት”፣ ትንሽ የሚያሳልፈውን “አሬራ”፣ ከሞላ ጎደል የሚያሳልፈውን “አጓት” ይሉታል። ሰርካለም በመሣሪያ ከመለካቷ በፊት ሳንቲሟን አሮጌ ጋዜጣ ላይ ታስቀምጣለች። ከሥሯ ያለው ፊደል ከተነበበ ደግ ነው። ፊደል አይነበብም ነበር። ለረጅም ጊዜ ከአሬራ አላለፉም።

በዚህ መካከል ሙዘይን ሞቱ። ታመሙም አልተባለም፤ ከዙህር ሶላት ተመልሰው ጋደም እንዳሉ ቀሩ። ስልኩ ሲመጣ ሳጂዳ ሥራ ላይ ነበረች። ሰርካለም ወልዳ እቤቷ ነበረች። ዶክተር ጥሩሰው ወሬውን ከፊቷ አነበቡት። ኮታቸውን አንስተው በሩን ቆለፉና መንገድ ላይ ያገኙት ሚኒባስ ውስጥ አስገቧት፤ እሳቸውም አብረዋት ገቡ። ቀብሩ በዚያው ዕለት ተፈጸመ። ድንኳኑ ውስጥ ከገበያው የመጣ እስላምም ክርስቲያንም ሞልቶ፣ ሁሉም ሙዘይን የጠገኑለትን ሰዓት ያወራ ነበር። ዶክተሩ ዘመድ ቤት እያደሩ፣ ለቅሶው እስኪበተን ድረስ ውጫሌ ሰነበቱ። ሳጂዳ አላለቀሰችም። ሰው እያየ፣ ዱዓ እየተደረገ፣ ሻይ እየቀዳች ሰነበተች።

ወደ ሐይቅ ስትመለስ ሰው እንደሚያደርገው ራሷን ሥራ ውስጥ ቀበረች። ከመሄዷ በፊት የጀመረችውን ዱቄት አደረቀች፣ ነፋች፣ ጨመቀች፣ ተኮሰች። እንዴት እንዳደረገችው በኋላ ስትጠየቅ ብዙም አታስታውስም። እጇ ያውቀው ነበርና እጇ ሠራው።

ያቺን ሳንቲም ከሁለተኛው ምድጃ ልታወጣ ስትከፍት፣ ሳህኗ ባዶ መሰለቻት። የሳህኗ ወለል ብቻ ነው የሚታያት። አንድ ሰው ወስዷታል ብላ ዞር አለች፤ ማንም አልነበረም። እንደገና ስታጎነብስ የጠርዟ ክብ እንደ ውኃ ጠብታ ዳር ብልጭ አለ።

ከወሊድ ለተመለሰችው ለሰርካለም ሰጠቻት። ሰርካለም የሳንቲሟን ፊት አለስልሳ፣ አወልውላ፣ ጋዜጣው ላይ አኖረቻት። ዶክተር ጥሩሰው መነጽራቸውን አደረጉና ከሳንቲሟ ሥር ያለውን መስመር ቀስ ብለው ድምፅ አውጥተው አነበቡ፤ ስለ ስንዴ ምርት የሚያወራ ዓረፍተ ነገር ነበር። አንብበው ሲጨርሱ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

“አጓትም አይደለች” አሉ። “ይቺስ ውኃ ናት።”

ሰርካለም በመሣሪያው ለካቻት፤ የሚታየውንም፣ ዓይን የማያየውን የሙቀት ብርሃንም፣ ቁሱ በተፈጥሮው ማሳለፍ የሚችለውን ያህል ማለት ይቻላል ታሳልፋለች። ዶክተሩ በጥጥ ጠቅልለው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳንቲሟ ከኪሳቸው አልወጣችም።

ወሬው ኮምቦልቻ ደረሰ። ብረት የሚያቀልጥ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ካሊድ የሚባል የእቶን ኃላፊ አለ። የቀለጠውን ብረት ሙቀት ከሩቅ የሚያነብ መሣሪያ ቢኖረውም፣ መሣሪያውን ከእሳቱ የሚከልል መስኮት አጥቶ ተቸግሯል፤ ያስመጣው ሁሉ ይሰነጠቃል ወይ ይደበዝዛል። ሠራተኞቹ አሁንም በሩን ከፍተው ፊታቸው እየተለበለበ በዓይን ነው የሚገምቱት። ሐይቅ መጣና ሳንቲሟን በብርሃን አገላብጦ አየ።

“እንዲህ ያለች ሦስት ብትሠሩልኝ ይበቃኛል” አለ።

“እንሠራለን” አሉ ዶክተሩ።

አልሠሩም። ሳጂዳ ያንኑ መንገድ ተከትላ ደገመች፤ አሬራ ወጣ። ደገመች፤ ወተት። በዚህ መሐል ዕቃቸው ሁሉ ተሻሽሎ ነበር። ይበልጥ የነጠረ ዱቄት ተልኮላቸዋል። የወፍጮው ኳሶች አርጅተው ስለነበር በአዲስ ተለውጠዋል። ሰዓት ተጠብቆ ይፈጫል፣ ሰዓት ተጠብቆ ይተኮሳል። ጥንቃቄያቸው በጨመረ ቁጥር ሳንቲሞቹ ይብሱን ነጡ። የሙቀቱን መጠን ከፍ አደረገች፣ ዝቅ አደረገች። አልኮሉን ለወጠች። አንድ ቀን መብራት ሥራው መሐል ላይ ጠፍቶ እቶኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ ተበላሸ፤ ያን ቀን እንኳ ብዙም አላዘነችም፤ የምታሳብብበት አገኘች።

ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ምሁር ሳንቲሟን አየና በትሕትና “ሁለተኛዋን ስታሳዩን ደግሞ የበለጠ ደስ ይለናል” ብሎ ሄደ። ነገሩ ለሳጂዳ ገባት። ከሌላ ቦታ የመጣ መስታወት ነው ብሎ ጠርጥሯል። ለሦስት ቀን እህል አልወረደላትም።

በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

“ጋሼ፣ ሳንቲሟን እንቁረጣት።”

“ምን አልሽ?”

“እንቁረጣት። ግማሿ ላይ ሰርካለም ጥንካሬዋን ትለካለች፤ ግማሿን አዲስ አበባ ልከን ውስጧ ምን እንዳለ እናስመርምር። በምን እንደጠራች ሳናውቅ መቶ ብንተኩስ ያው አሬራ ነው።”

ዶክተሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ኪሳቸው ላይ።

“እሷን ካጣን ምን ይቀረናል? ‘ሠርተን ነበር’ የሚል ቃል ብቻ።”

“አሁንስ ያለን ምንድን ነው? ያያት ሰው እንኳ አላመነንም።”

“ሳጂዳ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው ያስተማርኩት። በእጄ የያዝኩት አሁን ነው።” ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። “እኔ ስሞት ትቆርጫታለሽ።”

ሳጂዳ ወደ ወፍጮው ተመለሰች። ሰርካለም ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ አየቻት።

ዶክተር ጥሩሰው ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የመሄድ ልማድ ነበራቸው። በእግራቸው ይሄዳሉ፤ የልጅነት ጓደኛቸው እዚያ መነኩሴ ነው። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሲገቡ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ አረንጓዴ ነክቶታል። ሳንቲሟን ከነጥጧ አውጥተው የሳጂዳ ጠረጴዛ ላይ አኖሩ።

“ቁረጫት” አሉ።

“ምን ተፈጠረ ጋሼ?”

ተቀምጠው ነገሯት። ከገዳሙ ሲመለሱ፣ ሐይቁ በቀኛቸው ሆኖ፣ ውኃውን በሳንቲሟ በኩል ሊያዩት አማራቸው። ከጥጧ ሲያወጧት ከጣታቸው አፈትልካ ሣር ውስጥ ወደቀች። ሌላ ዕቃ ቢሆን ይታይ ነበር። የጠራ ነገር ሣር ውስጥ ሲወድቅ ግን ሣሩ ራሱ ነው የሚታየው። ተንበርክከው በመዳፋቸው ዳበሱ። መንገደኞች ቆመው አገዟቸው፤ ምን እንደጠፋቸው ሲጠይቋቸው “ሳንቲም” ሲሉ፣ ለአንድ ሳንቲም ይሄን ያህል ብለው ታዘቧቸው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስታዘቀዝቅ ጨረሯ ጠርዟ ላይ ብልጭ አለና አገኟት።

“በጉልበቴ ስሄድ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው” አሉ። “ብትጠፋ ኖሮ ስለ እሷ ምንም ሳናውቅ ነበር የምትጠፋው።”

የአልማዝ መጋዙ ውኃ እየተንጠባጠበበት ቀስ ብሎ ነው የሚቆርጠው። ዶክተሩ ቆመው አዩ። ለሁለት ስትከፈል ድምፅ እንኳ አልነበራትም።

ሰርካለም አንዱን ግማሽ ወሰደች። ጥንካሬ የምትለካው በአልማዝ ጫፍ ነው። ጫፉ በታወቀ ክብደት ሸክላውን ይጫነውና አራት ማዕዘን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ባነሰ ቁጥር ሸክላው ጠንካራ ነው፤ ከማዕዘኖቹ የሚወጣው ስንጥቅ ባጠረ ቁጥር ደግሞ ለመሰበር ያስቸግራል። ለካች፣ ደገመች፣ ሳጂዳን ጠራቻት።

“ነዪ እዪው። ጠባሳውም ትንሽ፣ ስንጥቁም አጭር። ከአሬራዎቹ ሁሉ ይቺ ትጠነክራለች።”

“ቅንጣቶቿስ?”

“ደቃቆች። አሬራዎቹ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች እንደ ባቄላ ከሆኑ፣ የዚህች ምስር ናቸው።”

ሳጂዳ ማይክሮስኮፑ ላይ ብዙ ቆየች። ሸክላ ሲተኮስ ቅንጣቶቹ እየተዋዋጡ ያድጋሉ። ከተጣደፉ ቀዳዳዎቹን ወደ ውስጣቸው ውጠው ያስቀሯቸዋል፤ እዚያ የገባ ቀዳዳ ደግሞ አይወጣም። በዝግታ ካደጉ ግን ቀዳዳዎቹን እየገፉ ወደ ውጭ ይጠርጓቸዋል። እዚህች ሳንቲም ውስጥ አንድ ነገር ቅንጣቶቹን አዝግሟቸዋል። ምን? እሷ ምንም አልጨመረችም።

ከአዲስ አበባ ውጤቱ ሲመጣ በስልክ ነበር። መርማሪው ዋና ዋናውን ነገራትና “ዚርኮኒየም ግን ለምን ጨመራችሁ?” አላት።

“አልጨመርንም።”

“አለበት። ትንሽ ነው፤ ግን በደንብ አለበት።”

ስልኩን ዘጋች። በቤቱ ውስጥ ዚርኮኒየም ያለበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የወፍጮው ኳሶች። ከዚርኮኒየም ኦክሳይድ የተሠሩ ናቸው። ሲፈጩ ጥቂት ሊበሉ ይችላሉ፣ ያንን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ፍጭት ይሄን ያህል አይበሉም። ወፍጮውን አየችው። በዚያች ቅጽበት ያ ከሰዓት ተመለሰባት። ስልኩ ሲጮህ ማሰሮውን ገና አጋድማ አስነስታዋለች። ግር ግር የሚለው ድምፅ ከእናቷ ድምፅ ጋር ተደባልቆ ነበር የሰማችው። ከዚያ ሚኒባሱ።

“ጋሼ” አለች፤ “አባቴ ያረፈ ቀን ወፍጮውን ማን አጠፋው?”

ዶክተሩ አሰቡ። “እኔ በሩን ቆለፍኩ። ቁልፉ ከኔ ጋር ነበር። እኔም ውጫሌ ነበርኩ።”

“ስንመለስስ?”

“ስንመለስ አንቺ ነሽ ቀድመሽ የገባሽው።”

አዎ። ገብታ አጥፍታዋለች። ያን ጊዜ ግን ምንም አልመሰላትም፤ የሚሽከረከር ነገር ነበር፣ አጠፋችው። ያረጁት ኳሶች ለቅሶው እስኪያበቃ ድረስ ባዶ ቤት ውስጥ እየተንከባለሉ፣ ራሳቸውን ወደ ዱቄቱ እየፋቁ ሰንብተዋል። ኋላ የመጡት አዲሶቹ ኳሶች ግን አይፋቁም፤ አፈጫጨታቸውም አጭርና ጥንቁቅ ነው። ሰርካለም አሮጌዎቹን ኳሶች ከመደርደሪያ ሥር ካለ ካርቶን አውጥታ በካሊፐር ለካቻቸው። በግልጽ አንሰዋል።

ዶክተር ጥሩሰው ግማሿን ሳንቲም በጣታቸው እያሹ “ነፍሱን ይማር” አሉ።

ዓርብ ለት ሳጂዳ ውጫሌ ሄደች። እናቷ ሱቃቸው ውስጥ ከገበያ የተረፈ ጨርቅ ያጣጥፋሉ። አጠገባቸው ተቀምጣ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ስለ ኳሶቹ፣ ስለ ወፍጮው፣ ስለዚያ ሳምንት።

“የአባትሽ ለቅሶ ላይ?” አሉ መሪማ።

“አዎ።”

“መብራት ሳይጠፋ?”

“ጠፍቶም ተመልሶም ይሆናል። ስመለስ ግን ይሽከረከር ነበር።”

“ሱብሐነላህ።” መሪማ አንድ ሻርፕ አጥፈው ሌላ አነሱ። “ቢኖር ይሄን ብትነግሪው እኮ፣ ‘ኳሱ ስንት ተበላ?’ ብሎ ነበር መጀመሪያ የሚጠይቅሽ።”

ሳጂዳ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞረባትና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። እናቷ ማጠፋቸውን ሳይተዉ አንድ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አኖሩ። እንዲያ ሆነው ገበያው እስኪበተን ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ረጅም ነው፤ ግን ጨለማ ውስጥ መዳበስ አልነበረም። ሳጂዳ የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ዱቄት አስመጣችና በሚዛን እየለካች ትጨምር ጀመር። የመጀመሪያው መጠን አንሶ አጓት ሰጣት። ቀጣዩ በዝቶ ሸክላውን ወደ ቢጫ አዘነበለው። በመካከላቸው ባለው መጠን የወጣችውን ሳንቲም ሰርካለም ጋዜጣው ላይ ስታስቀምጣት፣ ዶክተሩን ሳይጠብቁ ሁለቱም በአንድ ላይ አነበቡት። ሌላ ሠሩ፣ እሷም ጠራች። ሌላም። ከጠሩት ብዙዎቹን ሰርካለም ሰበረቻቸው። በሦስት ትንንሽ ኳሶች ላይ አስቀምጣ፣ እስኪፈነዱ ከላይ ትጫናቸዋለች፤ ስንት እንደቻሉ የሚታወቀው ሲሰበሩ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ዶክተር ጥሩሰው እያንዳንዷ ስትፈነዳ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። በኋላ ወንበራቸውን አስጠግተው ስባሪውን መልቀም ያዙ።

ያ ምሁር እንደገና መጣ። ሳጂዳ ዱቄቱን ከመዘነችበት ጀምሮ አጠገቧ ቆሞ እንዲያይ ጋበዘችው፤ ሐይቅ አድሮ እስከ መጨረሻው አየ። ሲሄድ የራሱን ተማሪዎች ሊልክላት እንደሚፈልግ ነገራት፤ ስለ ቀድሞው ጥርጣሬ እሱም አላነሳ፣ እሷም አላነሳች።

ለካሊድ ሦስት መስኮት ላኩለት፤ ከሳንቲም የሚሰፉ። አንዱ እቶኑ ላይ ሲገጠም ብሎኑ ከልክ በላይ ስለጠበቀ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ውስጥ ሰርካለም ትንሽ ጉም አይታበት ለመጠባበቂያ ይሁን ብላለች። ሦስተኛው ተገጠመ። ሳጂዳና ሰርካለም ሊያዩት ኮምቦልቻ ወረዱ። ዶክተር ጥሩሰው ጉልበታቸው ስለማይመቻቸው ቀሩ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚመጡት፤ ቤቱን የምታስተዳድረው ሳጂዳ ናት።

ፋብሪካው ውስጥ ሙቀቱ ከበሩ ጀምሮ ይቀበላል። ካሊድ የእቶኑን ጎን አሳያቸው። እዚያ ብረት ላይ ክብ ነገር አለ፤ ከውስጡ ብርቱካናማ ብርሃን ይወጣል። መስኮቱ ራሱ አይታይም፤ የሚታየው ከጀርባው ያለው እሳት ነው። ከእሱ ራቅ ብሎ አንድ ሠራተኛ ቁጥር የሚያሳይ ሣጥን ፊት ቆሟል፤ ቁጥሩን አይቶ እጁን ያነሳል፣ ሌላው የቀለጠውን ብረት ያዘነብላል። እንግዶቹን ዞር ብሎም አላያቸው።

“ድሮ እዚያ በር ላይ ነበር የሚቆመው” አለ ካሊድ። “ቅንድቡ እስኪያርር።”

ሰርካለም ሳጂዳን ጎሸም አደረገቻትና በአገጯ ወደ ሠራተኛው አመለከተች። ቅንድቡ አሁን ሙሉ ነው።

“ለመሆኑ ስንት ጊዜ ይቆያል?” ሲል ካሊድ ጠየቃት።

“አላውቅም” አለች ሳጂዳ። “ቤታችን ያለው እሳት እንደዚህ ቀን ከሌት አይነድም። እዚህ ነው የምናውቀው።”

“ቢሰበርስ?”

“ቢሰበር ደውልልኝ። ስባሪውን ግን አትጥሉት፤ ጠቅልላችሁ አስቀምጡልኝ።”

ካሊድ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። እነሱም ሚኒባስ ሳያመልጣቸው ወደ መናኸሪያው ሄዱ።